ዋስ የሆንኩለት ልጅ

ለባንክ ብድር ዋስ ሁን ሲሉህ የደመወዝ ማስረጃ ይጠየቃል፣ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሚስት ታኮርፋለች። ክርስትና አንሣልን ሲሉህ ግን ማንም ምንም አይጠይቅህም። ክብር ተሰምቶህ እሺ ትላለህ፤ በ40ኛው ቀን ነጠላህን አጣፍተህ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለህ። ካህኑ ፊትህን ወደ ምዕራብ ያዞሩና ሰይጣንን ያስክዱሃል፤ ወደ ምሥራቅ ይመልሱህና ሃይማኖትህን ያስመሰክሩሃል። ይህን ሁሉ የምትናገረው አፉን ባልፈታ ልጅ ፈንታ ነው። ልጁ በበኩሉ ውኃውን ሲያይ ያለውን ተቃውሞ ለደብሩ በሙሉ ያሰማል። ከዚያ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ ይቆርባል፤ እናንተም ወደ ቤት ሄዳችሁ ዶሮ ትበላላችሁ።

ነገሩ የሚገባህ ዶሮው ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ዋስትና ማብቂያ ቀን የለውም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የክርስትና አባት ማለት ልጁን ሃይማኖቱን እያስተማረ የሚያሳድግ ነው፤ በእኛ ልማድ ግን ለእንቁጣጣሽ ልብስ የሚገዛ ነው። እኔም ዕዳዬን በሸሚዝና በጫማ ስከፍል ቆይቼ አንድ እሑድ ጠዋት የልጁ እናት ደወለች። “አበልጄ፣ ያንተ ልጅ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብሎ አልጋ ሥር ገብቷል” አለችኝ። ልብ በሉ፤ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ጊዜ የእርሷ ልጅ ነበር።

ማሙሽ (በቤት ስሙ ልጥራው) ያኔ ስምንት ዓመቱ ነው። ከአልጋው ሥር አልወጣም ስላለ እኔ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ተነጋገርን፤ በዚያ እሑድ ከሰፈሩ ምእመን ሁሉ ረዥሙን ስግደት የሰገድኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ምን ሆነህ ነው ብለው “ይሰለቻል” አለኝ። ምኑ? “እማዬ ዝም በል ትለኛለች። ስቀመጥ ተነሥ፣ ስነሣ ስገድ፣ ዞር ስል ፊትህን መልስ። እኔ እኮ እዚያ ምንም ሥራ የለኝም።”

ልጅን ወደ ሃይማኖት ለመሳብ እኛ ትልልቆቹ ያሉን መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። አንጋፋው ማስፈራራት ነው። ሾርባውን ያልጨረሰ፣ የቤት ሥራውን የረሳ፣ እኅቱን የቆነጠጠ ልጅ ሁሉ ጉዳዩ በቀጥታ ወደ ላይ ይመራል፤ “እግዚአብሔር ይቆጣሃል!” ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ የማሙሽን ሾርባ መቆጣጠር ብቻ ይመስላል። ይህም አልበቃ ሲል የንስሐ አባት ይጨመራሉ፤ “ቆይ፣ ለአባ ባልነግርልህ!” አባ የዋህ ሰው ናቸው። ጸበል ሊረጩ ሲመጡ የቤቱ ልጆች ለምን እንደሚሰወሩ እስከ ዛሬ አልገባቸውም፤ ምናልባት ዓይን አፋር ሆነው ነው ይላሉ።

ሁለተኛው ጉቦ ነው። ቅዳሴ ከወጣን በኋላ ኬክ ቤት እንሄዳለን ይባላል። ይህ እስከ አንድ ወር ድረስ ይሠራል። ከዚያ ልጁ የቅዳሴውን ቅደም ተከተል በሚገባ ያጠናዋል፤ ነገር ግን የሚያጠናው ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ነው። ወንጌል ሲነበብ “ገና ነው”፣ ሕዝቡ ሊቆርብ ሲሰለፍ “ደረሰ” ይላል። ሰባኪው ስብከቱን ያስረዘሙ ዕለት ደግሞ ጮክ ብሎ “እማዬ፣ ኬኩ አያልቅም?” ይልና እናቱን በነጠላዋ ያስጠልላታል።

ሦስተኛው የዘመናችን ነው፤ ስልክ። እናት የልጆች መዝሙር ከዩቲዩብ ከፍታ ልጇን ሳሎን ታስቀምጥና ወደ ማጀት ትገባለች። ልጁ ፀጥ ይላል። የልጇ ፀጥታ መንፈሳዊ ይመስላታል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትመለስ መዝሙሩ በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ፣ ሌላውም ወደ ሌላ ተሻግሮ፣ አንድ የማታውቀው ሰውዬ በማታውቀው ቋንቋ የመጫወቻ ካርቶን እየከፈተ ሲጮህ ታገኘዋለች። ልጇም ከአፉ የሚወጣውን ምራቅ ሳይጠርግ ተመስጦ ይመለከታል። እንዲህ ያለ ተመስጦ በቅዳሴ ላይ አይታበት አታውቅም።

የእነማሙሽ ጎረቤቶች የወንጌል አማኞች ናቸው። ልጃቸው እሑድ እሑድ በከለር ያሸበረቀ ሥዕል ይዞ፣ ብስኩቱን እየበላ ይመለሳል። ማሙሽ በአጥር አሻግሮ ይህን አይቶ “እኛ ጋ ለምን ከለር የለም?” ሲል እናቱ የተነካችው በተዋሕዶነቷ ነው፤ በማግሥቱ 24 ቀለም ያለው ሣጥን ገዛች። (አሁንማ በእኛም ሰንበት ትምህርት ቤቶች የሕፃናት ክፍል ውስጥ ከለር ሞልቷል።) የኖኅ መርከብ ተቀባ። በከለር ላይ ቂም የለኝም፤ ነገር ግን ያ የሚቀባው መርከብ አሳዝኖኛል። ቀጭኔዋ ትስቃለች፣ ዝሆኑ ይስቃል፣ ኖኅ ራሱ ሽርሽር የወጣ ይመስላል። ማሙሽ ሰማያዊውን ጨርሶ ቀና አለና “ሌሎቹ ሰዎችስ የት አሉ?” አለ። ማንም አልመለሰለትም። ሥዕሉን የሠሩት ሰዎች ለልጆች ይከብዳል ብለው ያወጡትን፣ ልጁ ከሥዕሉ ውጭ ቆሞ ፈለገው።

የማሙሽ አያት የጎጃም ሰው ናቸው፤ ይህን ሁሉ ግርግር ከሶፋው ላይ ሆነው ያዩና “በእኛ ጊዜ” ይላሉ። በእርሳቸው ጊዜ መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ አርጩሜ። ፊደል ቆጠራ በአርጩሜ፣ መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ ማንበብ በአርጩሜ፣ 150ውን መዝሙረ ዳዊት መድገምም እንዲሁ። ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ቁራሽ ለመለመን መውጣት፣ ውሻ ማባረር፣ ውሻው ማባረር ሲጀምር ደግሞ መሮጥ። “ሰው ያደረገን እርሱ ነው” ብለው ማሙሽን ዞር ብለው ያዩታል። ማሙሽም ወደ አልጋው ሥር ያለውን ርቀት በዓይኑ ይለካል።

አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ስጎተጉታቸው ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። በ11 ዓመታቸው ዲያቆን ሆነው ነበር። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። በሰፈራቸው ደብር ሦስተኛው ዲያቆን እርሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ጊዜ ንዳድ ይዟቸው ተኝተው ሳለ ሁለቱ ቀሳውስት በሌሊት መጥተው እናታቸውን ለመኑ። ቅዳሴው እንዳይታጎል ልጁን በጋቢ ጠቅልለው ተሸክመው ወሰዱት። ይህን ሲናገሩ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ድምፃቸው ተለወጠ፣ ከሶፋውም ቀና ብለው ተቀመጡ። “አገር በሙሉ እኔን ይጠብቅ ነበር” አሉ። ስለ አርጩሜው ሲያወሩ እንዲህ ቀና አላሉም። ሰው ያደረጋቸውን ነገር ሳያውቁት ነገሩኝ ብዬ አሰብኩ፤ ለእርሳቸው ግን አልነገርኳቸውም፣ እኔም አርጩሜ እንዳይደርሰኝ።

አዲስ አበባ ላይ ማሙሽን በጋቢ ጠቅልሎ የሚወስድ ቄስ የለም። ዲያቆኑ ሞልቷል፣ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ነው፣ ልጅ ደግሞ በሕዝቡ እግር መካከል የጠፋ ፍጥረት ነው። እኔ ያገኘሁለት ሥራ ትንሽ ነበር፤ ጫማ ጠባቂነት። ቤተሰቡ ገብቶ እስኪወጣ የሁላችንንም ጫማ አሰናድቶ መያዝ፣ ወንጌል ሲነበብ ገብቶ መስማት፣ ከዚያ ተመልሶ ቦታውን መያዝ። ማሙሽ ሥራውን ከጠበቅሁት በላይ አከበደው። በሁለተኛው እሑድ የማናውቃቸውን ሰዎች ጫማ ጨምሮ በቁጥር ቅደም ተከተል ደርድሮ አገኘሁት። በሦስተኛው፣ ያልተጣመሩ ጫማዎችን በተመለከተ ከአንዲት እናት ጋር ክርክር ገጥሞ ነበር። ሴትየዋ የግራ እግር ጫማቸው የራሳቸው አለመሆኑን ያወቁት በእርሱ ነው። ከዚያ ወዲያ እሑድ ጠዋት እርሱን መቀስቀስ ቀረ፤ የሚቀሰቅሰው እርሱ ሆነ። “ጫማው ይሰረቃል እኮ!” እያለ።

ሥራ ያለው ሰው ደግሞ ዙሪያውን ያያል። የአዲስ አበባ ልጅ ቅዱሳንን የሚያውቃቸው በታክሲ ነው። ወያላው “ኡራኤል፣ ኡራኤል! ቂርቆስ፣ ልደታ!” ብሎ ሲጮህ ያደገ ልጅ እነዚህን ሁሉ የመውረጃ ቦታ አድርጎ ቢወስድ አይፈረድበትም። እኔም አንድ ቀን ቂርቆስ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር ብለው ማሙሽ ሳቀብኝ። “ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው እኮ! አባዬ መታወቂያ ያወጣበት።” ስለዚህ ነገርኩት። እናቱ ኢየሉጣ፣ መኰንኑ ፊት መቅረባቸው፣ በእሳት የሚፍለቀለቀው ጋን፣ እናትየዋ ስትፈራ የሦስት ዓመቱ ልጅ እርሷን ማጽናናቱ፣ ሐምሌ 19 የምናከብረው የቅዱስ ገብርኤል ማዳን። ማሙሽ አፉን ከፍቶ ሰማ። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ “ውኃው ስንት ደቂቃ ፈላ?”

እናቱ ተቆጣችኝ፤ ያቃዠዋል ብላ። በአንድ የልጆች ጉባኤ ላይ የሰማችውን ጠቀሰችልኝ፤ እዚያ ቂርቆስ ጎበዝ ልጅ፣ ለእናቱ የሚታዘዝ፣ እጁን ታጥቦ የሚበላ ሆኖ ነው የቀረበው። ጋኑ የለም። ጋን የሌለበት ቂርቆስ የጎረቤት ልጅ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ምሳሌ ተደርጎ ሲቀርብ ደግሞ ምን እንደሚሰማን ሁላችንም ልጅ ሆነን አይተነዋል። ለነገሩ በዚያ ሌሊት ማሙሽ ድብን አድርጎ ተኛ። ሁለት ጊዜ የባነነችው እናቱ ናት።

ከቂርቆስ በኋላ ቅዳሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሥዕሎች እየዞርን ማየት ጀመርን። ይህን ዕድል ያልተጠቀመ ወላጅ ከየት መጥቶ ከለር እንደሚገዛ አላውቅም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ስድስት ክንፍ አላቸው፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሰውነታቸው በጸጉር ተሸፍኖ፣ ግራና ቀኝ 60 አንበሳና 60 ነብር፤ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ አንበሳ ላይ ተቀምጠው እንደ በቅሎ ይጋልቡታል። ማሙሽ የአንበሶቹን ቀለብ ማን እንደሚችል ጠየቀ። ከዚያ ደግሞ የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ትልቁን ምሥጢር አሳየሁት፤ በጥንቱ አሣሣል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ክፉ ሰው ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጌታን የያዙት ወታደሮች፣ ይሁዳ፣ ሰይጣን፤ ሁሉም አንድ አንድ ዓይን። ማሙሽ ለአንድ ሰዓት ያህል ዓይን ሲቆጥር ቆየ። ጫማችንን የጠበቅነው በዚያ ቀን እኛ ነን።

መዘዙ የመጣው ቤት ስንገባ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የወላጆቹ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። አጎቱ በዚያ ፎቶ ላይ ወደ ድግሱ በኩል ዞረው ነበር። ማሙሽ አጠገቡ ቆሞ በሐዘን “አጎቴ ሰይጣን ነው” አለ። አጎትየው በቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ እንዲያውም እየበሉ። እኔ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ያን ጊዜ ማሙሽ ወደ ራሱ የክርስትና ፎቶ ሄደ፤ እኔ ሕፃኑን አቅፌ ቁልቁል እርሱን እያየሁ ነው። “ጋሼ፣ አንተም አንድ ነህ” አለኝ። ያን ፎቶ ያነሣውን ሰው እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ።

ከሥዕሎቹ ሁሉ የያዘው ግን በላዔ ሰብእ ነው። ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ሰው የበላ ሰው፣ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለለመነው ድሀ አንድ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ በአንድ ወገን 78ቱ፣ በሌላው ያች ጥርኝ ውኃ፣ የእመቤታችን ጥላ አርፎባት ውኃዋ ሚዛን ደፋች። ማንኛችንም ይህን ታሪክ ስንሰማ የምናስበው ስለ በላተኛው መዳን ነው። ማሙሽ “የተበሉትስ?” አለ። እኔ ሳል ጀመረኝ። ጉዳዩን ወደ ደብሩ መሪጌታ መራሁት። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዳመጡና “እኔም በአንተ ዕድሜ ይህንኑ የኔታን ጠይቄ በኩርኩም ተመለሰልኝ። አንተ ምን ይመስልሃል?” አሉት። ማሙሽ ጥቂት አሰበ። “እነሱ ቀድመው ገብተዋል። በሩ ላይ ተሰልፈው እየጠበቁት ነው። ሲያያቸው ይደነግጣል።” መሪጌታ ሳቃቸው አላቆም ብሎ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። በሳምንቱ በየካህናቱ አፍ ውስጥ “በሩ ላይ የተሰለፉት” የሚል ነገር ስሰማ ከየት እንደመጣ አወቅሁ። ማሙሽን ደግሞ መሪጌታ በስሙ መጥራት ጀመሩ፤ ያውም በክርስትና ስሙ።

አያትየው ይህን ሲሰሙ “አየህ፣ ኩርኩም ባይኖር መሪጌታ መሪጌታ አይሆኑም ነበር” አሉ። እንደ ዕድል ሆኖ የግንቦት 11 በዓል ቀርቦ ነበርና ቅዱስ ያሬድን ጠቀስኩባቸው። ማንም ኢትዮጵያዊ ወላጅ የቤት ሥራ ያቃተውን ልጅ ሲያበረታታ ትሏን ሳይጠራ አያልፍም፤ ስድስት ጊዜ ከዛፉ ወድቃ በሰባተኛው የወጣችውን። የሚረሳው የታሪኩ መጀመሪያ ነው። ያሬድ ማይ ኪራሕ ድረስ የሄደው ትል ለማየት አልነበረም፤ መምህሩና አጎቱ ጌዴዎን ትምህርት አልገባው ቢል ስለ ገረፉት ኮብልሎ ነው። ዱላው ከአክሱም አስወጣው፤ ትሏ መለሰችው። አያትየው ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቡናቸውን ጠጡ። በመጨረሻ “ባይገረፍ ትሏን መቼ ያያት ነበር?” አሉ። ከጎጃም ሰው ጋር ክርክር የሚገጥም ስንቁን ይዞ ይነሣ።

ጾም ላይ ማሙሽን ጎትጓች አላስፈለገውም፤ ጾም ውስጥ ፉክክር አለ። ልጅ እንደ አቅሙ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ይጹም ይባላል፤ ልጆቹ ራሳቸው የመረጡት ደግሞ ፍልሰታን ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች ሰላምታ ይለወጣል፤ “እንዴት ነህ” ቀርቶ “እስከ ስንት ሰዓት ጾምክ?” ይሆናል። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ እናቱ እስከ ስድስት ሰዓት ፈቀደችለት። በመጀመሪያው ቀን አራት ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ፣ በደካማ ድምፅ ሰዓት እየጠየቀ፣ ኑዛዜ የሚናገር ሽማግሌ መስሎ አገኘሁት። በሁለተኛው ቀን አልጠየቀም። ወንበር ላይ ወጥቶ የግድግዳውን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት አዙሮት ነበር፤ በየኪሳችን ስልክ መኖሩን ዘንግቶ። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲመጣ ሙልሙሉን በፌስታል ሰብስቦ፣ አንዱንም ሳይቀምስ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ትራሱ ሥር አኖረው። ለአንድ ሳምንት ከትራሱ ፍርፋሪ ይራገፍ ነበር።

በዐቢይ ጾም ደግሞ የቤቱ ተቆጣጣሪ ሆነ። 55ቱን ቀን ሙሉ ብስኩት ሲገዛ ጀርባውን አዙሮ ያነባል፤ “የወተት ዱቄት” የሚል ካገኘ እንደ እባብ ይወረውረዋል። ማንበብን ከዚህ በላይ ያጠናከረለት መምህር የለም። አንድ ረቡዕ አባቱ ካፌ ወስዶት ማኪያቶ አዘዘ። ማሙሽ አረፋውን ትኩር ብሎ አየና ምንም አላለም። አባትየው “የጾም ነው፤ የኦቾሎኒ” አለ፣ ያልተጠየቀውን። ማሙሽ አስተናጋጇን ጠራ። “ይቅርታ፣ ይሄ የጾም ነው የፍስክ?” ልጅቷ ሐቀኛ ነበረች። አበልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ሻይ ነው የሚጠጣው፤ ሁለት ዓመት የሰማው ስብከት ያላደረገለትን አስተናጋጇ አደረገችለት።

የማሙሽ ታላቅ እኅት 12 ዓመቷ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤቷ ከበሮ የምትመታው እርሷ ናት፤ ስትመታም የቆመ ሰው ትከሻውን መያዝ ይቸግረዋል። ለጥምቀት ማሙሽ ጥላ እንዲይዝ በተመረጠ ጊዜ ወደ እኔ መጣች። “እርሱ ካደገ ዲያቆን ይሆናል። እኔ ለምን አልሆንም?” አለች። ሥርዓቱን እርሷም ታውቀዋለች፤ የጠየቀችው ለምን እንደሆነ ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የምታነሣት ሴት ናትና እኔ የማሙሽ እንጂ የእርሷ ዋስ አይደለሁም፤ ይህን መሸሸጊያ አድርጌ “የክርስትና እናትሽን ጠይቂ” አልኳት። ጠየቀቻት። የክርስትና እናቷም “ጋሼን ጠይቂ፤ እርሱ ያነባል” አለቻት። ጥያቄዋ በሁለታችን መካከል እየተመላለሰ ነው። ልጅቷ ግን በትዕግሥት ከበሮዋን ትመታለች፤ በመታች ቁጥር ወደ እኔ የምታይ ይመስለኛል።

ከዓመቱ ሁሉ ልጅ የሚንቀሳቀስበት ሳምንት ሕማማት ነው። በሆሳዕና ቤቱ የዘንባባ ፋብሪካ ይሆናል፤ ቀለበቱ፣ መስቀሉ፣ የግንባር ማሰሪያው፣ የቤቱ ውሻ እንኳ ከቀለበት አያመልጥም። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን አለ፤ ማሙሽ በሌላ ቀን ባቄላ የሚባል አይቀምስም። በቅዳም ሹር ካህናቱ የሚያድሉትን ቄጠማ ራሱ ላይ አስሮ፣ ተኝቶም አይፈታውም። ሁሉንም የሚያስከነዳው ግን ስቅለት ነው። በስቅለት “ዝም ብለህ ቁም” የሚባል ልጅ የለም፤ ሁሉም ይሰግዳል። ጠዋት የተጀመረው ስግደት እስከ አመሻሽ ሲዘልቅ ትልልቆቹ ወገባቸውን ይዘው ግድግዳ ይፈልጋሉ፤ ልጆቹ ይወድቃሉ ይነሣሉ፣ ሲወድቁም ሲነሡም ይቆጥራሉ። በመጨረሻ ጥብጠባ ነው። ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ይቆማሉ፤ ሰው በየተራ ቀርቦ የበደለውን ይናገራል፣ ጀርባውን ጠብ ጠብ ይደረጋል፣ የስግደት ቁጥር ተነግሮት ይሄዳል።

ባለፈው ስቅለት ከሁለቱ ልጆች ኋላ ተሰልፌ ነበር። እኅቱ 30 ተሰጣት። ማሙሽ 12። ጥግ ላይ ተገናኙ። “ስንት?” “ሠላሳ። አንተስ?” ማሙሽ ቁጥሩን በሹክሹክታ ነገራት። እኅቱ አልሳቀችም፤ እንዲያውም በርኅራኄ ትከሻውን ነካ አደረገችው፤ ይህ ደግሞ ባሰ። ማሙሽ ፊቱ ጠቁሮ ወደ ሰልፉ ተመለሰ፣ ከፊቴም ገባ።

“አባ፣ የረሳሁት አለ።”

“ምን ረሳህ ልጄ?”

“በፍልሰታ ሰዓቱን ወደፊት አዙሬዋለሁ።”

አባ ሰልፉን አዩ፤ እስከ በሩ ደርሷል። “ሦስት ጨምር” አሉት።

“ሦስት ብቻ?”

“ሌላ አለህ?”

ማሙሽ አሰበ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ በመጨረሻ ወደ ኋላ አየ። “አጎቴን ሰይጣን ነው ብያለሁ” አለ፤ “የክርስትና አባቴም ስቋል።”

አባ የወይራውን ቅጠል እንደያዙ ዓይናቸውን ወደ እኔ አነሡ። “እርሱን ለብቻው እሰጠዋለሁ” አሉ።

ሃምሳ ተሰጠኝ። ማሙሽ እንዲህ ያለ ቁጥር ሰምቶ አያውቅም፤ በኩራት እኅቱን ጠርቶ ሁለቱም ሊቆጥሩልኝ ግራና ቀኝ ቆሙ። እስከ ሃያ በሥርዓት ሄድን። ሃያ ሦስተኛው ላይ ወገቤን ይዤ ስነሣ እኅቱ እጇን አነሣች።

“ይሄ አይቆጠርም። ግንባሩ መሬት አልነካም።”

“ከአንድ ይጀምር” አለ ማሙሽ።